እንፋሎት መቼ ሄደና? ስለ ቻርልስ ፓርሰንስና ስለ ተርባይኑ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የመካኒካል ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን መጨረሻ ላይ የእንፋሎት ጊዜ አብቅቶ የኤሌክትሪክ ጊዜ ጀመረ ተብለን ተምረናል። ኤሌክትሪኩ እንፋሎቱን በምን አሸነፈው? ደግሞ አንድ መሐንዲስ ሳይጋበዝ የእንግሊዝ ባህር ኃይል ሰልፍ መሃል በጀልባ እየበረረ ገብቶ ጉድ አሰኘ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው ወይስ ተረት?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም ጥያቄዎችህ የሚያመሩት ወደ አንድ ሰው ነው። የጀልባው ወሬ ባብዛኛው እውነት ነው፤ ትንሽ ተጨምሮበታል እንጂ። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ከመነሻው መስተካከል አለበት። ኤሌክትሪክ እንፋሎትን አላሸነፈውም። እንዲያውም ኤሌክትሪክ ከባለጠጋ ሳሎን ወጥቶ ለከተማ ሕዝብ የደረሰው፣ እንፋሎት አዲስ ማሽን ስላገኘ ነው። ዛሬም ከዓለም ኤሌክትሪክ ግማሽ የሚሆነው የሚመነጨው በእንፋሎት ነው። የድንጋይ ከሰሉም ሆነ የኒውክሌሩ ማመንጫ ሥራው ውሃ ማፍላት ነው። የቀረው ባለ ፒስተኑ የእንፋሎት ሞተር ነው። ቦታውን የወሰደው ተርባይን ነው፣ በእንፋሎት ግፊት በቀጥታ የሚሽከረከር ጎማ፤ ያንን ለሥራ ያበቃው ደግሞ ቻርልስ ፓርሰንስ ነው። እኔ እንጀራዬ ተርባይን ስለሆነ ይህን ሰው ከልቤ አከብረዋለሁ። ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአምፖል ነው። ቦታው ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኒውካስል ነው፤ የድንጋይ ከሰልና የመርከብ አገር። በ1879 ጆሴፍ ስዋን እዚያው ከተማ ውስጥ አምፖሉን ሕዝብ ፊት አሳየ። በቀጣዩ ዓመት የመድፍና የመርከብ ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ዊልያም አርምስትሮንግ ክራግሳይድ የተባለውን የገጠር ቤቱን በስዋን አምፖሎች አበራው። የእሱን ዳይናሞ፣ ማለትም ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ማሽን፣ የሚያዞረው የውሃ ኃይል ነበር። በ1881 ለንደን ውስጥ ሳቮይ ቴአትር በኤሌክትሪክ በራ። በ1882 የኤዲሰን ሰዎች እዚያው ለንደን፣ ሆልበርን ላይ በእንፋሎት የሚሠራ ማመንጫ ተከሉ። አምፖሉን ሁሉም ፈለገው። ጥያቄው ዳይናሞውን ምን ያዙረው የሚል ሆነ። እንደ አርምስትሮንግ ደጁ ላይ የሚወርድ ውሃ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

የነበረው የፒስተን ሞተር ነው። ፒስተን ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። በእያንዳንዱ ምልልስ ያ ሁሉ ከባድ ብረት ተገፍቶ ይቆምና እንደገና ይገፋል። ስለዚህ ብዙ መፍጠን አይችልም። በደቂቃ ጥቂት መቶ ዙር ከሄደ ፈጣን ነው የሚባለው። የዚያን ጊዜ ዳይናሞ ግን ከ1,000 ዙር በላይ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ መሃል ላይ ትልቅ መዘውርና ቺንጋ ይገባል። ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይበጠሳል፣ ቦታ ይበላል። የፒስተኑ ምት ወጣ ገባ ሲል መብራቱም አብሮ ቦግ ጭልም ይላል። መርከብ ላይ ደግሞ ለዚህ ሁሉ ኮተት ቦታ የለም።

ታዲያ እንፋሎቱ ራሱ ለምን በቀጥታ ጎማ አያዞርም? ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። የእስክንድርያው ሄሮን ገና በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በእንፋሎት የምትሽከረከር ኳስ ገልጿል። ጄምስ ዋትም በራሱ ጊዜ እንዲህ ያለ ማሽን ሠራሁ የሚል ተፎካካሪ ሲመጣበት ነገሩን አስልቶ፣ የሚያስፈልገው ፍጥነት የማይቻል ነው ብሎ ተረጋግቶ ተቀምጧል። ስሌቱም ልክ ነበር።

እስቲ አንተም አስላው። በ10 ባር ግፊት (ከውጭ አየር ግፊት አሥር እጥፍ ያህል) ከቦይለር የወጣ እንፋሎት በደንብ በተሠራ አንድ አፍ በኩል ወደ ውጭ አየር ቢለቀቅ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 880 ሜትር ይደርሳል። ከድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ከዚህ እንፋሎት ጉልበቱን በቅጡ ለመቀበል የጎማው ጠርዝ በግማሹ ፍጥነት፣ በሰከንድ 440 ሜትር መሮጥ አለበት። ዲያሜትሩ 15 ሳንቲሜትር ለሆነ ጎማ ይህ በደቂቃ 56,000 ዙር ያህል ነው። በዚያ ዘመን ብረት እንዲህ ያለ ጎማ ሠርቶ ዳይናሞ ላይ መግጠም የሚታሰብ አልነበረም። ስዊድናዊው ጉስታፍ ደ ላቫል በዚሁ መንገድ ገፍቶ በደቂቃ እስከ 30,000 ዙር የሚሄዱ ትንንሽ ተርባይኖች ሠርቷል። ድንቅ ሥራ ነው። ግን ትንንሽ ሆነው ቀሩ፤ ፍጥነታቸውንም ለማውረድ ባለ ጥርስ ማርሽ ያስፈልጋቸው ነበር።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። ቻርልስ ፓርሰንስ የተወለደው በ1854 ነው። አባቱ የሮስ ሦስተኛው ኧርል፣ አየርላንድ ውስጥ ቢር በሚባለው ርስታቸው ላይ መስተዋቱ 1.83 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ የሠራው ሰው ነው። ያ ቴሌስኮፕ በዘመኑ ከዓለም አንደኛ ነበር። መስተዋቱ ብረት ነው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ቀልጦ የተቀዳውና የተሞረደው። ልጁ ትምህርት ቤት አልገባም። መምህራን ቤት ድረስ እየመጡ ያስተምሩታል፤ ከዚያ ወደ ወርክሾፑ ይወርዳል። የመኳንንት ልጅ እጁ በዘይት ሲጨማለቅ የሚቆጣው የሌለበት ቤት ነበር። ያ ቤት ሐዘንም አይቷል። በ1869 ወንድማማቾቹ በሠሩት የእንፋሎት ጋሪ ላይ ዘመዳቸው ሜሪ ዋርድ ተሳፍራ ሳለ ወድቃ ጎማው ስር ገብታ ሞተች። ሴትየዋ በማይክሮስኮፕ ሥራዋ የታወቀች የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበረች። በሞተር ተሽከርካሪ አደጋ ሞቱ ከተባሉት ሰዎች ሁሉ የመጀመሪያዎቹ መካከል ስሟ ይነሳል።

ፓርሰንስ ካምብሪጅ ገብቶ ሒሳብ ተማረ፤ በ1877 በመጨረሻው ፈተና አሥራ አንደኛ ወጣ። ከዚያ የሠራው ነገር ቤተሰቡ ለነበረበት ደረጃ ያልተለመደ ነው። ኒውካስል ሄዶ አርምስትሮንግ ፋብሪካ ውስጥ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይቺን ነች። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሒሳብ የተማረው አንድ ሰፈር፣ ቶርኖ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ሰፈር ነበር። ፓርሰንስ ሁለቱንም በአንድ ራስ ያዘ። በ1884 ጌትስሄድ ከሚገኘው ክላርክ ቻፕማን ኩባንያ ጋር በሽርክና ገባ። ድርጅቱ ለመርከብ የሚሆኑ ማሽኖች ያመርት ስለነበር መርከቦችን በኤሌክትሪክ ማብራት ፈልጓል። ያ ሥራ ለአዲሱ ሸሪክ ተሰጠ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ፓርሰንስ የተርባይኑን ፓተንት (የፈጠራ መብት ማመልከቻ) አስገባ።

መፍትሔው ከውሃ ተርባይን የመጣ ነው። የውሃ ተርባይን ያኔ የበሰለ ሙያ ነበር፤ ከውሃው ጉልበት ከ70 በመቶ በላይ ያወጣ ነበር። ውሃ ግን አይለጠጥም፤ እንፋሎት ግፊቱ ሲወርድ ይለጠጣል። ፓርሰንስ ያሰበው እንዲህ ነው። ግፊቱን በአንድ ጊዜ ከመጣል በብዙ ትንንሽ ደረጃ ከፋፍዬ ባወርደው፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ መለጠጡ ትንሽ ይሆናል፤ እንፋሎቱም እንደ ውሃ ሊታይ ይችላል። አንድ ረድፍ የማይንቀሳቀስ ብሌድ (ክንፍ የመሰለ ስስ ብረት)፣ ቀጥሎ አንድ ረድፍ የሚዞር፣ እንደገና የማይንቀሳቀስ፣ እንደገና የሚዞር። እንፋሎቱ በየረድፉ ትንሽ ትንሽ እየሰጠ ያልፋል።

እዚህ ጋ አንድ የሚያምር ነገር አለ። ፍጥነት የሚያድገው በጉልበቱ ስኩዌር ሩት ነው። ስለዚህ ያንን 880 ሜትር የሚያመጣውን ጉልበት በ25 እኩል ደረጃ ብትከፍለው ፍጥነቱ በ25 አይካፈልም፤ በ5 ነው የሚካፈለው። በሰከንድ 176 ሜትር ይሆናል። በ100 ደረጃ ብትከፍለው 88 ሜትር። ፍጥነቱን ማውረድ ይቻላል፤ ዋጋው ግን ብዙ ረድፍ ነው። ዛሬ ትልቅ ማመንጫ ውስጥ ተርባይን ተከፍቶ ስታይ ያ ሁሉ ረድፍ በረድፍ የተደረደረ ብሌድ ለምን እንዳስፈለገ ይህቺ ስኩዌር ሩት ትነግርሃለች።

እንዲህም ተደርጎ የመጀመሪያው ማሽን ፍጥነቱ በደቂቃ 18,000 ዙር ነበር። ያመነጨው 7.5 ኪሎዋት ነው፤ ለጥቂት ደርዘን አምፖል የሚበቃ። ማሽኑ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም አለ። በፎቶ ስታየው ታናሽ ነገር ነው። ግን 18,000 ዙር ምን እንደሚያደርግ አስብ። ከመሃሉ 4 ሳንቲሜትር ርቆ የተቀመጠ አንድ ግራም ብረት በዚህ ፍጥነት 14 ኪሎ የሚከብድ ያህል ወደ ውጭ ይጎትታል። አንድ ግራም! ስለዚህ ዳይናሞውም አብሮ አዲስ መሆን ነበረበት። በዚህ ፍጥነት የሚዞር ዳይናሞ ከዚያ በፊት የሠራ አልነበረም። መዳቡ ተፈትቶ እንዳይበተን ከላዩ በሽቦ ጠብቆ ታሰረ። ብዙ ሰው ስለ ፓርሰንስ ሲያወራ ተርባይኑን ብቻ ያነሳል። እኔ ግን ዳይናሞው ባይኖር ተርባይኑ የትም አይደርስም ነበር ባይ ነኝ።

ከሁሉ የበለጠ የማደንቀው ደግሞ ኩሽኔታውን ነው። የሚዞር ዘንግ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢቶረን የክብደቱ መሃልና የቅርጹ መሃል ልክ አንድ ቦታ ላይ አይውሉም። ባላንስ ያልተደረገ የመኪና ጎማ በ100 ኪሎሜትር ፍጥነት መሪውን እንዴት እንደሚያንቀጠቅጠው ታውቃለህ። ያ ጎማ በደቂቃ 1,000 ዙር እንኳ አይሞላም። በ18,000 ላይ ዘንጉን በግድ አጥብቀህ ብትይዘው ኩሽኔታውን ይበላዋል። ፓርሰንስ አጥብቆ አልያዘውም። በኩሽኔታው ዙሪያ ስስ ቀለበቶችን ደረደረ። አንዱ ውስጡን ይነካል፣ ቀጣዩ ውጩን ይነካል፣ እንዲህ እየተፈራረቁ። በስፕሪንግ ጫናቸው፣ ዘይት አስገባባቸው። ዘንጉ ሲያንገራግር ቀለበቶቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ በጥቂቱ ይለቁለታል። ዘንጉም የራሱን መሃል ፈልጎ ይረጋጋል። ዛሬ እኛ ይህንን በዘይት ፊልም፣ በሴንሰርና በኮምፒውተር እንሠራዋለን። ሰውየው በ1884 በጥቂት ቀለበትና በአንድ ስፕሪንግ ሠራው።

ሌላም ችግር ነበረበት። እንፋሎት ብሌዶቹን እየገፋ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ዘንጉንም ወደዚያው ይገፋዋል። መልሱ ቀላል ነው፦ እንፋሎቱን መሃል ላይ አስገብቶ ግማሹን ወደ ግራ፣ ግማሹን ወደ ቀኝ ማስኬድ። የግራውና የቀኙ ግፊት እርስ በርስ ይጠፋፋል። ዛሬ በየትልቁ ማመንጫ ውስጥ ያሉት የዝቅተኛ ግፊት ተርባይኖች አሁንም እንዲህ ናቸው።

ነገር ግን ያ የመጀመሪያ ማሽን እንፋሎት የሚጠጣው ያለ ልክ ነበር። የዘመኑ መሐንዲሶች ደህና የፒስተን ሞተር በጣም ባነሰ የድንጋይ ከሰል ይህንኑ ይሠራል ይሉ ነበር፤ እውነታቸውንም ነው። በትንሽ ማሽን ውስጥ በብሌድና በዙሪያው ባለው የማሽኑ ሽፋን መካከል ያለው ክፍተት ከብሌዱ ቁመት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፤ እንፋሎቱ ሳይሠራ ያመልጣል። ማሽኑ ሲተልቅ ይህ ኪሳራ ይቀንሳል። ፓርሰንስ ይህ ገብቶት ወደ ትልቅ መሄድ ፈለገ። ሸሪኮቹ ግን አልተዋጠላቸውም። በ1889 ተለያዩ። እሱ ወጥቶ እዚያው ኒውካስል፣ ሂተን ላይ የራሱን ፋብሪካ አቋቋመ። የፓተንቱ መብት ግን ከቀድሞ ሸሪኮቹ ጋር ቀረ። አስበው እንግዲህ፤ የራስህን ፈጠራ መሥራት ተከልክለህ ፋብሪካ ስትከፍት።

እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የተከለከለው እንፋሎቱ ከዘንጉ ጎን ለጎን የሚሄድበት ዓይነት ነው። ስለዚህ እንፋሎቱ ከመሃል ወደ ዳር የሚፈስበት ሌላ ዓይነት ተርባይን ነደፈ። በ1890 ኒውካስል ውስጥ ፎርዝ ባንክስ የተባለው ማመንጫ በተርባይን ለሕዝብ ኤሌክትሪክ ማቅረብ ጀመረ። በዓለም የመጀመሪያው ነው። በ1892 ደግሞ ለካምብሪጅ ከተማ ባለ 100 ኪሎዋት ማሽን አቀረበ። ይህ ማሽን ኮንደንሰር ነበረው፤ ለውጡም እዚህ ጋ ነው።

ኮንደንሰር ማለት ከተርባይኑ የወጣውን እንፋሎት በቀዝቃዛ ውሃ ወደ ውሃነት መልሶ ቫክዩም የሚፈጥር ዕቃ ነው። የ10 ባር እንፋሎት እስከ ውጭ አየር ግፊት ብቻ ቢወርድ ከአንድ ኪሎው ወደ 390 ኪሎጁል ይገኛል። እስከ 0.1 ባር ቢወርድ ወደ 690 ኪሎጁል። ያ ሁሉ ተጨማሪ ጉልበት የሚገኘው ከውጭ አየር ግፊት በታች ነው። የፒስተን ሞተር እዚያ ድረስ መውረድ አይችልም። በ10 ባር አንድ ኪሎ እንፋሎት 190 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። በ0.1 ባር ግን ወደ 12 ሜትር ኩብ ይነፋል፤ ከ60 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ለዚህ የሚበቃ ሲሊንደር ማን ይሠራል? ቢሠራስ ፒስተኑን ማን ያንቀሳቅሰዋል? ተርባይን ግን የመጨረሻዎቹን ብሌዶች ማስረዘም ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የካምብሪጁን ማሽን የመረመረው ፕሮፌሰር አልፍሬድ ኢዊንግ ነበር። ተርባይኑ ከደህና የፒስተን ሞተር ጋር የሚወዳደር መሆኑን ያየው በዚያ ፈተና ነው። እንግዲህ ፒስተኑ የተሸነፈው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በሌላ የእንፋሎት ማሽን ነው የምልህ ለዚህ ነው።

ፓርሰንስ የፓተንት መብቱን በ1894 መልሶ አገኘ። በዚያው ዓመት ወደ ባህር ዞረ፤ እዚህ ጋ ነው የአንተ ጀልባ የምትመጣው።

ስሟ ቱርቢንያ ይባላል። ርዝመቷ ከ31 ሜትር በላይ፣ ወርዷ 2.7 ሜትር ብቻ፣ ክብደቷ 44 ቶን ተኩል ያህል። ነሐሴ 1894 ወደ ውሃ ገባች። መጀመሪያ አንድ ተርባይን፣ አንድ ዘንግ ነበራት። ውጤቱ አሳፋሪ ነበር፤ ከ20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ37 ኪሎሜትር በታች። ፕሮፔለር ይቀይራሉ፣ ይሞክራሉ፤ አልሆነም። ይህኔ ብዙ ሰው ሞተሩ ደካማ ነው ብሎ ሞተሩን ይፈታ ነበር። ፓርሰንስ ከሞተሩ ወደ ዘንጉ የሚተላለፈውን ጉልበት ለካ። ሞተሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ጥፋቱ ያለው ከፕሮፔለሩ ነው።

ፕሮፔለር ከልክ በላይ ሲፈጥን ከጀርባው ያለው ውሃ ግፊቱ በጣም ይወርዳል፤ ሳይሞቅ ይፈላል። የእንፋሎት አረፋ ፕሮፔለሩን ይከብበዋል፤ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውሃ ያጣል። ካቪቴሽን የምንለው ይህ ነው። ፓርሰንስ በዓይኔ ካላየሁት አለ። በ1895 ውሃ በዙሪያው የሚሽከረከርበት ዝግ ገንዳ ከመስኮት ጋር ሠራ፤ ውስጡ የ5 ሳንቲሜትር ፕሮፔለር አደረገ። አየሩን ቀንሶ ውሃውን አሞቀ፣ አረፋው በቀላሉ እንዲነሳ። ከዚያ በሚዞር መስተዋት አማካይነት ብርሃን ብልጭ እያደረገ ፕሮፔለሩ የቆመ እስኪመስል ድረስ አየው፤ ፎቶም አነሳው። ዛሬ የመርከብ ምርምር ተቋማት ያላቸው የካቪቴሽን ገንዳ ሁሉ ከዚህች ዕቃ የወረደ ነው።

1896፣ እኛ አድዋ ላይ በነበርንበት ዓመት፣ የጀልባዋ ሆድ ዕቃ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። ከአንድ ተርባይን ይልቅ ሦስት፦ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ግፊት። እንፋሎቱ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ሦስት ዘንግ፤ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ሦስት ፕሮፔለር፤ በድምሩ ዘጠኝ። ጭነቱ ለዘጠኝ ሲካፈል አረፋው ቀነሰ። ፍጥነቷ 34.5 ኖት ገባ፤ በሰዓት 64 ኪሎሜትር ገደማ። ያኔ ባህር ላይ የሚደርስባት አልነበረም።

ሰኔ 26 ቀን 1897 የቪክቶሪያ 60ኛ የንግሥና ዓመት በዓል የባህር ኃይል ሰልፍ ስፒትሄድ በሚባለው ባህር ላይ ተደረገ። ከ160 በላይ የጦር መርከቦች በረድፍ ቆመዋል። ንግሥቲቱ ራሷ አልተገኘችም፤ ሰልፉን የተቀበለው ልጇ የዌልስ ልዑል ነው። በዚህ መሃል ቱርቢንያ በረድፎቹ መካከል ገብታ መብረር ጀመረች። የጥበቃ ጀልባዎች ሊያስቆሟት ተከተሏት፤ የሚደርስባት ጠፋ። ይህ ሁሉ በርግጥ ሆኗል።

የተጨመረበት «ማንም አያውቃትም ነበር» የሚለው ነው። ያው ሚያዝያ ላይ ኢዊንግ ፍጥነቷን ፈትሾ ነበር። ፓርሰንስም በዚያው ወር ለመርከብ ነዳፊዎች ማኅበር ጽሑፍ አቅርቧል። የባህር ኃይሉ ባለሙያዎች ጉዳዩን ያውቃሉ። ሰልፉ ላይ የሆነው ነገር ባለሙያው የሚያውቀውን ልዑሉም፣ አድሚራሉም፣ የውጭ አገር እንግዳውም፣ ጋዜጠኛውም በአንድ ቀን በዓይኑ ማየቱ ነው። ከዚያ በኋላ ለማዘግየት ሰበብ ማቅረብ ከባድ ሆነ።

ባህር ኃይሉ ባለ ተርባይን ቫይፐርና ኮብራ የተባሉ መርከቦችን ወሰደ። ሁለቱም በ1901 ጠፉ። ቫይፐር በነሐሴ በጉም ውስጥ ዐለት ላይ ወጣች፤ ሰው አልሞተም። ኮብራ ግን በመስከረም ሰሜን ባህር ላይ ለሁለት ተሰበረች። ከ60 በላይ ሰው አለቀ፤ ከመካከላቸው የፓርሰንስ የራሱ ሠራተኞች ነበሩበት። ጥፋቱ የተርባይኑ አልነበረም። ቢሆንም ይህን ያህል ሰው ሲቀበር አዲሱን ነገር ማን ይደፍራል? ያዳነው በዚያው ዓመት ስኮትላንድ ውስጥ በክላይድ ወንዝ አፍ ላይ ሥራ የጀመረችው ኪንግ ኤድዋርድ ነች፤ መንገደኛ የምታመላልስ ሰላማዊ መርከብ። ፈጣንና ጸጥተኛ ሆና ሥራዋን በየቀኑ ሠራች። በ1906 ባህር ኃይሉ ድሬድኖት የተባለችውን ትልቁን የጦር መርከብ በተርባይን አስነሳ። በቀጣዩ ዓመት ሉሲታንያና ሞሪታንያ አትላንቲክን በተርባይን ተሻገሩ። ቪክቶሪያ ያኔ አርፋለች።

የብሱ ላይ ነገሩ የበለጠ ፈጠነ። በ1900 ኤልበርፌልድ የተባለችው የጀርመን ከተማ እያንዳንዳቸው 1,000 ኪሎዋት የሚያመነጩ ሁለት የፓርሰንስ ማሽኖች ተቀበለች። ከ7.5 ኪሎዋት ተነስቶ በ16 ዓመት ውስጥ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ማሽን 30 ዓመት ሳይሞላ የፓርሰንስ ፋብሪካ ለቺካጎ ባለ 25,000 ኪሎዋት ሠርቶ ላከ። ዛሬ በኒውክሌር ማመንጫ ውስጥ አንዱ ብቻ ከ1,700 ሜጋዋት በላይ ይሰጣል። ብሌዱ ረዝሟል፣ ብረቱ ተሻሽሏል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

እኛ ዘንድ መብራቱ ባብዛኛው ከውሃ ስለሆነ ይህ ታሪክ ሩቅ ይመስላል፤ ዝምድናው ግን ቅርብ ነው። ዓባይ ግድብ ላይ ያሉት ተርባይኖች ፍራንሲስ የሚባሉት ዓይነት ናቸው። ጄምስ ፍራንሲስ በ1840ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ያሻሻለው ማለት ነው። የማይንቀሳቀስ መሪ ብሌድ፣ ቀጥሎ የሚዞር ብሌድ። ፓርሰንስ ለእንፋሎት የተዋሰው ይህንኑ የውሃ ሰዎች ሙያ ነው። አሉቶ ላንጋኖ ከምድር የሚወጣው እንፋሎት፣ አዲስ አበባ ረጲ ላይ ቆሻሻ ተቃጥሎ የሚፈላው ውሃ፣ ሁለቱም ለተርባይን የታሰቡ ናቸው። ለጉብኝት ዕድል ካገኘህ ረጲ ሂድ። ኮንደንሰሩ ስንት ሚሊባር ላይ እንዳለ ጠይቃቸው።

ቱርቢንያ ራሷ ኒውካስል በሚገኘው ዲስከቨሪ ሙዚየም ውስጥ አለች። እንግሊዝ ዘመድ ካለህ ሄዶ ፎቶ ያንሳልህ፤ ከኋላ በኩል፣ ዘንጎቹንና ፕሮፔለሮቹን።

እስከዚያው አንድ ሥራ ልስጥህ። የእንፋሎት ሰንጠረዥህን አውጣ። ከ10 ባር እስከ 0.1 ባር ያለውን የኤንታልፒ ልዩነት አንብብ፤ ኤንትሮፒው ሳይለወጥ። መጀመሪያ በአንድ ደረጃ፣ ከዚያ በ15፣ ከዚያ በ45 እኩል ደረጃ ከፍለህ በየደረጃው የእንፋሎቱን ፍጥነት አስላ። ከዚያ ዲያሜትሩ አንድ ሜትር የሆነ ጎማ ወስደህ በእያንዳንዱ ሁኔታ ስንት ዙር በደቂቃ እንደሚያስፈልግ አውጣ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ባለ ሁለት ፖል ጄኔሬተር 3,000 ዙር ይፈልጋል። ስንት ደረጃ ብታደርግ እዚያ እንደምትደርስ ጻፍልኝ፤ መልስህን አይቼ እመልስልሃለሁ።